ሁለት ብርድ ልብስ

ቀን ቀን ኮምቦልቻ፣ ፈትል ፋብሪካ ውስጥ፣
ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ ክር ስትቀጥል፣ ክር ስትቆርጥ፤
ማታ ሐረጎን ወጥታ፣ በመጨረሻው ሚኒባስ፣
ክፍል ትገባለች፣ ዝናቡን ከትከሻዋ ስታራግፍ ቀስ በቀስ።
ዛህራ ይመር ትባላለች።

ድርሰቷን ሰጠችኝ፤ ሦስት ገጽ፣ በሰማያዊ ብዕር፤
ቆሜ አነበብኩት፣ ሸዋበር ታክሲ ስጠብቅ፣ ከሱቅ መብራት ሥር።

ሚስት ትላለች፦ «ብርድ ልብሱ አጠረ።»
ባል ይላል፦ «ያው ነው እኮ፣ መቼ ተቀየረ?»
ሚስት ትላለች፦ «እግሬ ጋ አይደርስም፤ ሌሊቱን ነቃሁ።»
ባል ይላል፦ «ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ።»
ቅዳሜ ወጣ። በገመድ አስሮ፣ ተሸክሞ መጣ፤
አንድ ብትለው ሁለት፣ ቀይና ግራጫ።
«ይኸው፣ ያንቺ ላንቺ፣ የኔም ለኔ» አላት፤
«እጅህ ይባረክ» አለች። መብራቱን አጠፋላት።

እዚያ ላይ ያልቃል። ቀይ እስክሪብቶ መዘዝኩ፤
«ስለ ብርድ ልብስ ይህ ሁሉ ወሬ ምንድን ነው?
ግጭቱ የታለ? ይውጣ!» ብዬ ሰረዝኩ።
ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣
ስለ ተምሳሌት ብቻ ስንት ሣጥን ጠመኔ የጨረስኩ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ፣ ለማረም ያህል፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት።
ሙሔ ሹፌሩ ከኋላ ሳቀ፦ «ወላሂ ጎበዝ ባል ነው!
አንድ ብትለው ሁለት ገዛ፣ ምን አጠፋ ሰውየው?»
ክፍሉ በሳቅ ተናጠ። ዛህራ መሐረቧን አጠፈች፣
ፈታች፣ ደግማ አጠፈች።
«እስቲ ንገሪን፣ ብርድ ልብሱ ምንድን ነው?» አልኳት።
«እኔ እንጃ መምህር፤ ብርድ ልብስ ነው» አለች፤
ድምጿ ውስጥ ግን አንዲት ክር ተበጠሰች።

ጋሽ እሸቴ፣ የእህል መጋዘን ዘበኛው፣
ፊደል በሃምሳ ዓመቱ የቆጠረው፣
ኮፍያውን አውልቆ ተነሣ፦
«ይቅርታ መምህር… ያ ብርድ ልብስ ታጥቧል እንዴ? በምን ያጥራል?
ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ሲተኛ፣ ትንሹም ይተርፋል።
አላጠረም እኮ፤ መሃሉ ነው የሰፋ።»
ሳቁ ባንድ አፍታ፣ እንደ ኩራዝ እፍ ተብሎ ጠፋ።

ለካ «አጠረ» ያለችው ጨርቅ ለክታ አይደለም፤
ለካ «እገዛለሁ» ያለው መልስ አይደለም።
ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እያልኩ ኖሬ፣
ብርሌ ሳጥብ ከረምኩ፣ ጠጁን ሳልቀምስ እስከ ዛሬ።

ያን ማታ ሆጤ፣ ቤቴ ስገባ፣
ትርንጎ ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱ ጋ ቆማለች።
«ጉሙ ዛሬም አልለቀቀም» አለች።

ስንት ጊዜ ብላኛለች ይህን!
እኔም «ነገ ይገፈፋል» ብዬ፣
ዞሬ ደብተር አርሜያለሁ።
አንድ ቀን ሰማዩ ጠርቶ፣ ጦሳ ቁልጭ ብሎ እየታየ ብላኛለች፤
«ዓይንሽን ታከሚ» ብያታለሁ።

ዛሬ ዝም አልኩ።
ጫማዬን ሳላወልቅ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።
በጉሙ ውስጥ የማየው ነገር አልነበረም፤
የሚታየው የሁለታችን ፊት ነው፣ መስታወቱ ላይ፣
አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ጥግ።
«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ፣
ስሙ ጠፍቶባት መልኩን እንደምታውቀው ሰው።
ብዙ ቆየች። አንድ ባጃጅ ቁልቁል አለፈ፣
መብራቱ ግድግዳውን ዳሰሰው።
«ካምና» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያወራነውን እዚህ አልጽፈውም።
የዛህራን ደብተር ግን ሌሊት አወጣሁት፤
ቀይ ቀለም አይለቅም፤ በላጲስ ብፈትገው ወረቀቱ ሳሳ፤
ከጎኑ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ይቅርታ። አንዲት ቃል እንዳትነሣ።»